«ያልተነካ ሀብት» ስንል

አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ እየጮኹ ይጠሩታል፤ እኛም ተሳፍረን እንሄዳለን፣ ሒሳብ ከፍለን እንወርዳለን። ስሙ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ሸጎሌ ማለት ሼህ ሖጀሌ ማለት ነው፤ ሼህ ሖጀሌ አል ሐሰን፣ የአሶሳው ገዥ። በዚያ ሰፈር መኖሪያ ነበራቸው፤ ስማቸው በአዲስ አበቤ አፍ ሲንከባለል ኖሮ ጠርዙ ተሸራርፎ ሸጎሌ ሆነ። እኚህ ሰው ለምኒልክ ቤተ መንግሥት የሚያስገቡት ግብር ወርቅ ነበር። ወርቅና ሌላም፤ ወደ «ሌላም» በኋላ እመለሳለሁ።

ይህን ያነሳሁት ለታሪክ ጨዋታ አይደለም፤ ጠብ ፈልጌ ነው። ጠቤም ከአንዲት ሐረግ ጋር ነው። ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በተወራ ቁጥር ተናጋሪው ባለሥልጣን ይሁን ነጋዴ፣ ጋዜጠኛ ይሁን ከአሶሳ ጉብኝት የተመለሰ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ «ያልተነካ ሀብት» ሳይል ንግግሩን አይጨርስም። ወርቁ ያልተነካ፣ እብነ በረዱ ያልተነካ፣ ቀርከሃው ያልተነካ። አዳራሹም ያጨበጭባል። ለመሆኑ ማን ነው ያልነካው?

የግብፁ መሐመድ ዓሊ ሱዳንን በጦር መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1820 ነው። የፈለገው በዋናነት ሁለት ነገር ነበር፤ ለጦሩ የሚሆን ባሪያና ለካዝናው የሚሆን ወርቅ። ልጁ እስማኤል ጦሩን እየመራ ጥቁር አባይን ሽቅብ ተከትሎ ፋዙግሊ ድረስ፣ ማለትም እስከ ቤኒሻንጉል ደጃፍ ሲመጣ፣ ፍሬደሪክ ካዮ የተባለ ማዕድን ዐዋቂ ፈረንሳዊ አብሮት ነበር። ወርቁ እንደታሰበው አልጎረፈም። በ1830ዎቹ መጨረሻ ላይ ሩሴገር የሚባል የኦስትሪያ የማዕድን ሊቅ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ መሐመድ ዓሊ ራሱ፣ ሰባ ዓመት ሊደፍን የተቃረበ ሽማግሌ፣ ከካይሮ ተነሥቶ ፋዙግሊ መጣ። ከዚያም አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ኮቫሌቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ መሐንዲስ በቱማት ወንዝ አካባቢ የወርቅ ማጠቢያ ፋብሪካ አቋቋመለት። አስቡት፤ ይህ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ አልተቆረቆረችም። ቱማት ዛሬም ከቤኒሻንጉል ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ፋብሪካ ካየ መቶ ሰባ ዓመት ያለፈውን ምድር ነው እንግዲህ እኛ «ያልተነካ» የምንለው።

በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ራስ መኮንን የመሩት ጦር አካባቢውን ለምኒልክ አስገበረ። ያን ጊዜ በአገሩ ላይ ሦስት ሼኮች ነበሩ፤ የአቆልዲው፣ የቤላ ሻንጉሉና የሆሞሻው። የአቆልዲው ሼህ ሖጀሌ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ታስረው ቆይተው ተለቀቁና ከሁሉም በላይ ሆነው ገዙ። «ሌላም» ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። ከወርቁ ጋር ሰው ይሄድ ነበር። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦው፣ ኮሞው እየታደነ ይሸጥ፣ በግብር መልክም ወደ መሀል አገር ይነዳ ነበር። ሼኩን ዛሬ እንከን የለሽ ጀግና አድርጎ የሚያቀርብልኝ ሰው ሲገጥመኝ ይህን አነሳበታለሁ፤ የሼኩን ጥፋት እየዘረዘረ የተቀባዩን ግቢ ዝም ለሚለውም እንዲሁ። ሻጭ ያለ ገዥ አይቆምም። ብቻ የሼኮቹን ስም እናውቃለን፣ የካዮንና የኮቫሌቭስኪን ስም እናውቃለን። ገበቴዋን ይዛ ወንዝ ውስጥ ጎንበስ ብላ ወርቁን ከአሸዋ ትለይ የነበረችውን ሴት ስም የጻፈ ግን የለም።

በሌላው ዓለም ማዕድን ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ይወለዳል። ሩቅ ሳንሄድ ናይጄሪያ ውስጥ ኢኑጉ የምትባለውን እንይ። እንግሊዞች በአካባቢው የድንጋይ ከሰል ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው፤ በ1915 ቁፋሮ ተጀመረ፣ በ1916 ደግሞ ሐዲዱ ከባሕሩ ዳር ከፖርት ሃርኮርት ጋር አገናኘው። ከዚያ በፊት ከተማ የሚባል ነገር ያልነበረበት ኮረብታ ሥር ከተማ በቀለ። ይህን ያደረገው የቅኝ ገዥ ደግነት አይደለም። የከሰል ጠባይ ነው። ከሰል ከባድና ርካሽ ነው፤ በአህያ ጭነህ ባሕር ልታደርሰው ብትሞክር የአህያዋን ገለባ ዋጋ አይመልስም። ስለዚህ ባቡር ግድ ይላል። ባቡሩም በዚያ ዘመን ራሱ ከሰል በላተኛ ነው፤ ከሰሉን ባቡር ያወጣዋል፣ ባቡሩን ከሰል ያስኬደዋል። ሐዲድ ካለ ሐዲድ ጠባቂ አለ፣ የጥገና ጋራዥ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ የደመወዝ መዝገብ አለ፤ ደመወዝ ካለ ሱቅና መጠጥ ቤት አለ፤ ልጅ ሲወለድ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ በመጨረሻም ሠራተኛው እርስ በርሱ ይተዋወቅና ማኅበር ያቋቁማል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1949 በኢኑጉ ኢቫ ሸለቆ በሚባለው ማዕድን ላይ ፖሊስ አድማ በመቱ ቆፋሪዎች ላይ ተኩሶ 21 ሰዎች ገደለ። ያ ግድያ ናይጄሪያን አናወጠ፤ ለነጻነት ትግሉም ማገዶ ሆነ። ሃያ አንድ። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ሃያ አምስት አይደለም፣ «በርካታ» አይደለም። የሞቱት ተቆጠሩ፤ የተቆጠሩትም ደመወዝ የሚቀበሉበት መዝገብ፣ የሚያለቅስላቸው ማኅበርና የሚቀበሩበት ከተማ ስለነበራቸው ነው። የከሰሉ ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ ከተማዋ ግን የከሰል ከተማ የሚለውን ቅጽል ስሟን እንደያዘች አለች።

ወርቅ እንዲህ አይደለም። አንድ ኪሎ ወርቅ የሚይዘው ቦታ ሁለት የክብሪት ቀፎ ያህል ነው። ሐዲድ አያስፈልገውም፣ መንገድም አያስፈልገውም፤ ኪስ ይበቃዋል። በግመል ኮርቻ ሥር፣ በበቅሎ ጭነት መሀል፣ ዛሬ ደግሞ በሞተር ብስክሌት መቀመጫ ውስጥ ይሄዳል። ከሰል ሲወጣ ከኋላው ከተማ ትቶ ነው፤ ወርቅ ሲወጣ ጉድጓድ ትቶ ነው። ከአሶሳ ብዙ የማይርቀው የምዕራብ ወለጋው ዩብዶ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲኒየም ሲወጣበት ኖሯል። ፕላቲኒየምም ኪስ ይበቃዋል። ዩብዶን ዛሬ ስንቶቻችን እናውቃታለን? ድሬዳዋ ግን ማዕድን ሳይኖራት፣ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት ከታች ስለቀረ ብቻ በ1895 ዓ.ም. ከተማ ሆነች፤ ከአገሪቱ ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ የበቀለውም ከዚያው ከምድር ባቡሩ ነው። ለገሃር የሚለውን ቃል እንኳ ከባቡሩ ጋር ነው ያገኘነው።

ታዲያ ምዕራቡ ባቡር አልተመኘም አይደለም፤ ደጋግሞ ተሰጥቶታል፣ በወረቀት ላይ። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ውል ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ከፋና ነጭ አባይ። የመጀመሪያው ሐረርን ስቶ ድሬዳዋ ገባ፣ ሁለተኛው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሦስተኛው የት አለ? በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ፣ ይኸው የቤኒሻንጉል ወሰን የተሰመረበት ውል፣ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረበት። ያም ባቡር አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሱዳን ባቡር ከሴናር ተነሥቶ ዳማዚን ደረሰ። ይህ ማለት ለአሶሳ ሰው ከአዋሽ ወይም ከድሬዳዋ ጣቢያ ይልቅ የሚቀርበው የባዕድ አገር ጣቢያ ነበር ማለት ነው። (ያ ሐዲድ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አገሩ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት እየነደደ ነው።) በ2003 ዓ.ም. የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲታወጅ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ካርታ ላይ ከኢጃጂ በነቀምት፣ በአሶሳ አድርጎ ኩርሙክ የሚደርስ መስመር ተሰምሮ አየን። በካርታው ላይ ከነበሩት መስመሮች የጅቡቲው በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የአሶሳው መስመር እንደተሰመረ አለ።

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ወር አሶሳን ከኢጣሊያ ያስለቀቀው ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣ ጦር ነበር። ከኮንጎ ደኖች የተነሣ ወታደር ሱዳንን አቋርጦ አሶሳ ገብቷል። ከአዲስ አበባ የተነሣ ባቡር ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ሲሰማ «የሚጫን ነገር የሌለበት አገር ባቡር ምን ያደርግለታል?» የሚል ኢኮኖሚስት አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ከእግሩ ሥር አለ። በአዲስ አበባ ባንኮችና ሆቴሎች አዳራሽ ሲሄድ የሚረግጠው እብነ በረድ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ። ከመተከል የመጣ ይኖርበታል፤ ከማንኩሽ፣ ከቡለን። እብነ በረድ ደግሞ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ በከባድ መኪና ተጭኖ፣ ጎማ እየጨረሰ፣ ድልድይ እያንቀጠቀጠ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ «ከባድ ነገር ባቡር ይጠራል ብለህ አልነበር? እብነ በረዱ ለምን አልጠራም?» ብትሉኝ ልክ ናችሁ። ክብደት ብቻውን አይበቃም። የኢኑጉ ከሰል ባቡር የጠራው ባቡሩ የገዥው ስለነበረና ገዥው ከሰሉን ለራሱ ስለፈለገው ነው። የእኛ እብነ በረድ የሚፈለገው ለወለል ነው፤ ወለል ደግሞ ሳይመጣ ቢቆይ ማንም አይሞትም። ስለዚህ ውሳኔው በዕቃው ክብደት ሳይሆን በሰሚው ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ማንጎውንም ልጨምር። የአሶሳ ማንጎ በወራቱ ሲደርስ አሶሳ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ከዛፉ ሥር ረግፎ፣ ገበያ ላይ ተቆልሎ፣ የሚገዛው ጠፍቶ ይበሰብሳል። አዲስ አበባ ላይ ያው ማንጎ በኪሎ ሲሸጥ እጃችንን ወደ ኪሳችን ስንከት እናመነታለን። በመሀሉ ያለው ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ነው፤ የመንገዱ ደኅንነት ያስተማመነባቸው ዓመታትም ጥቂት ናቸው። ይህንንም «ያልተነካ ሀብት» እንለዋለን። አይ እኛ! የበሰበሰ ማለት ነው ቃሉ።

ሐረጓ መንታ እኅት አላት፤ «ባዶ መሬት»። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎና ከሌላም ቦታ ወገኖቻችንን እየጫነ አሶሳ ዙሪያና መተከል ሲያሰፍር መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ ነበር። የሰፈሩት ሰዎች ርሃብ የነቀላቸው ናቸው፤ በእነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ባዶ ያለው ሰው ላይ ግን አለኝ። የበርታውና የጉሙዙ ገበሬ መሬቱን ለጥቂት ዓመታት አርሶ እንዲያገግም ይተወዋል፤ ተመልሶ ይመጣበታል። የተተወው መሬት በቢሮ ሰው ዐይን ባዶ ነው። ያ የዐይን ስሕተት ያስከተለው መቃቃር በ2011 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መተከል ላይ ከፈሰሰው ደም ጋር ምን ያህል እንደተያያዘ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። እዚህ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ አንድን ምድር ባዶ ወይም ያልተነካ ስትል በላዩ ላይ ያለውን ሰው ከሒሳብ አውጥተሃል።

ወደ ወርቁ ልመለስ፤ ወርቁ ስንት እንደሚሸሽ በቅርቡ በዐይናችን አይተናልና። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብሔራዊ ባንክ ለወርቅ የሚከፍለው ዋጋ ከጥቁር ገበያው ጋር ተቀራረበ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ባንኩ የገባው ወርቅ ከቀድሞው በብዙ እጥፍ አደገ። ባለሥልጣናቱ ይህን እንደ ድል ነገሩን፤ ድልም ነው። ግን ወርቅ በአንድ ክረምት እንደ በቆሎ አይበቅልም። አብዛኛው በፊትም ይወጣ ነበር፤ መንገዱ ሌላ ነበር እንጂ። ለእነዚያ ሁሉ ዓመታት ድንበር ተሻግሮ የሄደው «ያልተነካ» ወርቅ ነበር?

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው መጥቷል። በኩርሙክ ወረዳ፣ ዲሽ ተራራና አሻሽሬ በሚባሉት ቦታዎች፣ አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ግንባታ ውስጥ ገባ። ክልሉ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ማዕድን አይቶ አያውቅም። እኔ ማዕድኑ አይከፈት አልልም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ዘመናዊ የወርቅ ማዕድን ከተማ አያስፈልገውም። አጥር አጥሮ፣ በአጥሩ ውስጥ ጄኔሬተሩን፣ የመመገቢያ አዳራሹንና መኝታውን ሠርቶ፣ ምርቱን በአውሮፕላን ማስወጣት ይችላል። ኩርሙክ ያለው ሰው ከአጥሩ ውጭ የሚያየው አቧራና የሌሊት መብራት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሻኪሶ ይህን አይታዋለች። የለገ ደንቢ ወርቅ ለዓመታት ሲወጣ ኖሮ፣ የአካባቢው ሕዝብ በጤናችን ላይ ጉዳት ደረሰ ብሎ ተቃውሞ ሲነሣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ እስኪታገድ ድረስ ከሻኪሶ ውጭ የሰማን ስንት ነበርን?

ከሰልም ቢሆን በእኛ አገር ከተማ መሥራቱን እንዳልቻለበት አውቃለሁ። ያዩ ላይ በከሰሉ ማዳበሪያ ይመረታል ተብሎ የተጀመረው ፋብሪካ ለዓመታት ተጓትቶ ሳያልቅ ቀረ። የኢኑጉን መንገድ እንደ ክታብ አንጠልጥለን እንሂድ አላልኩም። ወርቁ በራሱ ቀላል ከሆነ በሕግና በውል ልናከብደው ይገባል ነው የምለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 የትላልቅ ማዕድናትን ሮያሊቲ የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ አድርጎታል። መልካም። ታዲያ ከዚያ ገንዘብ ኩርሙክ፣ መንጌና ሸርቆሌ ስንት ደረሰ የሚለው ቁጥር በየዓመቱ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በአማርኛም በበርታ ቋንቋም ተጽፎ ይለጠፍ። የኩባንያው ሠራተኛ ከአጥሩ ውስጥ ሳይሆን ከተማ ውስጥ ይደር፤ ቤት ይከራይ፣ ልጁን እዚያው ያስተምር፣ ሥጋውን ከዚያው ሉካንዳ ይግዛ። ውሉ ሲፈረም ይህን ማስገባት ይቻል ነበር፤ ሲታደስም ይቻላል። ባቡሩንም ቢሆን የምድር ባቡር ሰዎች ይሠሩት፤ ካልሆነም ከካርታው ላይ ይሰርዙትና ለምን እንደሰረዙት ይንገሩን። አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት የተጠበቀ ባቡር ምክንያት ሊሰጥበት ይገባል።

ለባህላዊ ወርቅ አምራቾቹ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። በየወንዙ ዳርና በየኮረብታው ሥር ጉድጓድ እየቆፈሩ የሚወርዱ ወጣቶች አሉ፤ ዝናብ ሲጠጣ የሚናድ አፈር ነው። ሞቱ የሚነገረው በለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ወረዳው የወርቁን ግራም የሚመዘግብበት ደብተር አለው፤ ጉድጓድ የተደረመሰባቸውን ሰዎች የሚመዘግብበት ሌላ ደብተር ይክፈት። ስም፣ ዕድሜ፣ የጉድጓዱ ቦታ፣ ቀን። ወጪው የአንድ ወፍራም ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚሰፍሩትን ስሞች እናቶቻቸው ያውቋቸዋል፤ ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው።